ቤተ መጻሕፍት ስለ መረዳዳታቸውና መጽሐፍም ለሁሉ ስለ መድረሱ

መጽሐፍ ለአእምሮ ምግብ እንደ ሆነ ያልሰማ የለም። ነገር ግን እህል በጐተራ ተዘግቶ ሲኖር የተራበውን እንደማያጠግብ፤ መጽሐፍም በሣጥን ተቈልፎ ሲቀመጥ ዕውቀት የሚሻውን ሰው አይጠቅመውም። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንነግራችሁ ያሰብነው፤ ቤተ መጻሕፍት እርስ በርሳቸው ተስማምተው ያላቸውን መጽሐፍ ለብዙ ሰው የሚያደርሱበትን ዘዴ ነው። ነገሩ የሊቃውንትና የጸሐፊዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ሥሩ ግን በያንዳንዳችን ቤት ያለ ስለ ሆነ፤ አስቀድሜ በራሴ ቤተ ሰብ የደረሰውን ላውጋችሁ።

የአባታችን መጻሕፍት

አባታችን ዕድሜያቸውን በጽሕፈት ሥራ የፈጸሙ ሰው ነበሩ። ባረፉ ጊዜ ከሌላው ንብረት በቀር 43 መጻሕፍት ተዉልን። ከነዚህም ውስጥ በብራና የተጻፈ አንድ ዳዊት፤ አንድ ፍትሐ ነገሥት ከነትርጓሜው፤ የታሪክ፤ የሰዋስውና የግብረ ገብነት መጻሕፍት፤ እንደዚሁም የትውልዳችንን ቍጥርና በዘመናቸው ያዩትን በገዛ እጃቸው የጻፉበት አንድ ደብተር ነበረ። እኛ ልጆቻቸው አምስት ነን። ከተዝካሩ በኋላ ሌላውን ንብረት እንደ ተካፈልን መጻሕፍቱንም በዕጣ ተካፈልን። እያንዳንዳችንም የደረሰንን በሣጥን ቈልፈን ወደየቤታችን ሄድን። ማን ምን እንደ ወሰደ በወረቀት ላይ ያሰፈረ አልነበረም።

ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ፤ በደብረ ብርሃን የሚማረው የታላቅ እኅቴ ልጅ በትምህርት ቤት ለታዘዘው ድርሰት ከአያቱ መጻሕፍት አንዱ አስፈለገው። አዲስ አበባ ድረስ እየተመላለሰ የመጻሕፍት ሻጮቹን ሁሉ ሁለት ወር ሙሉ ጠየቀ፤ አላገኘም። ድርሰቱንም እንዲያው በጐደሎ ጽፎ ሰጠ። ለፋሲካ ተሰብስበን ስንጫወት ነገሩ ተነሣና፤ መጽሐፉ እዚያው በደብረ ብርሃን፤ ከልጁ ማደሪያ የግማሽ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ስፍራ፤ በአጎቱ ቤት ከአልጋ ሥር ተቀምጦ እንደ ኖረ ታወቀ። ወንድሜም ደንግጦ፤ «ልጄ፤ ብትጠይቀኝ መች እነሣህ ነበር?» አለው። ልጁ ግን፤ «ጋሼ፤ እርስዎ ዘንድ መኖሩን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቅዎት?» ብሎ መለሰ።

ይህ መልስ ሁላችንንም አሳፈረን። ታላቅ እኅታችን ወዲያው ወረቀትና እርሳስ አስመጥታ፤ እያንዳንዳችን በሳምንት ውስጥ ሣጥናችንን ከፍተን ያለንን መጽሐፍ ሁሉ በስሙ ጽፈን እንድንልክ አዘዘችን። ቍጥሩ ሲደመር 42 ሆነ። የጐደለው የአባታችን የእጅ ጽሑፍ ደብተር ነበረ፤ እርሱም በኔ ዕጣ የደረሰ ነው። ሣጥኔን ከዕቃ ቤት መሬት ላይ አኑሬው ኖሮ፤ ምስጥ ከታች ገብቶ ሽፋኑን ብቻ አስቀርቶልኝ አገኘሁት። ደብተሩ ሌላ ግልባጭ አልነበረውም። አባታችን ስለ አያቶቻቸው የጻፉት ነገር በዚያው ጠፍቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሥርዐት ቆመ። ዝርዝሩ አምስት ጊዜ ተገልብጦ ለየቤቱ ተሰጠ። የሚዋስ ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይወስዳል፤ በወሩም ይመልሳል። ሁለተኛ የሌለው ጽሑፍ ሁሉ እንዲገለበጥ ተወሰነ። የማንም ድርሻ አልተነካበትም፤ ነገር ግን ቀድሞ የስምንትና የዘጠኝ መጽሐፍ ጌቶች የነበርን፤ አምስታችንም ባለ 42 መጻሕፍት ሆንን።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የሚረዳዱበት ዘዴ ከዚህ የተለየ አይደለም። ይኸውም አንደኛ ያለውን ማሳወቅ፤ ሁለተኛ ማዋስ፤ ሦስተኛ መገልበጥ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፤ «ዓ.ም.» ከተጻፈባቸው በቀር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ያለውን ስለ ማሳወቅ

ማንም ቤተ መጻሕፍት፤ የቱንም ያህል ባለጸጋ ቢሆን፤ የተጻፈውን ሁሉ ሊሰበስብ አይችልም። ስለዚህ ጥበቡ ሁሉን በአንድ ቤት በማከማቸት ሳይሆን፤ የቱ መጽሐፍ በየትኛው ቤት እንዳለ ለማወቅ በመቻል ነው። ይህን የተረዳው የአሜሪካ የምክር ቤት መጻሕፍት ማከማቻ፤ ከ1901 ዠምሮ በልዩ ልዩ ከተማ ያሉት ቤተ መጻሕፍት ያላቸውን መጽሐፍ በካርድ እየጻፉ እንዲልኩለት በማድረግ፤ አንድ የጋራ ዝርዝር ማዘጋጀት ያዘ። ከ1956 በፊት የታተሙትን መጻሕፍት የያዘው ዝርዝር ብቻ ከ1968 እስከ 1981 ሲታተም 754 ጥራዝ ሆነ። ይህን ያህል ጥራዝ የሚያስፈልገው መጻሕፍቱን ለመያዝ እንኳ ሳይሆን፤ ስማቸውንና ያሉበትን ቤት ለመቍጠር ብቻ እንደ ነበረ ማሰብ ያስደንቃል።

ኋላ ግን ወረቀቱን የሚተካ መሣሪያ መጣ። በ1967 በኦሃዮ አገር ያሉ 54 ኮሌጆች ማኅበር አቁመው፤ የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር በአንድ ኮምፒዩተር ለመያዝ ተስማሙ። በ1971 ሥራው ተዠመረ። የጥቅሙን መጠን ለማስተዋል ይህን ብቻ ማየት ይበቃል። ቀድሞ አንድ መጽሐፍ ሲታተም የገዛው ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ስሙን፤ ደራሲውንና ዐይነቱን እንደ ገና መርምሮ ይመዘግብ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንዱ የመዘገበውን ሌሎቹ ይቀበሉት ዠመር። የቀረው ድካምና ወጪም ለአንባቢው አገልግሎት ዋለ። ያ የጋራ ዝርዝር ዛሬ ወርልድካት ተብሎ በብዙ አገር ያሉትን ቤተ መጻሕፍት ሰብስቦ ይዟል፤ ማንም ሰው በቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት አንድ መጽሐፍ ቢፈልግ በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ ያለ ዋጋ ያያል። የእኅቴ ልጅ፤ «መኖሩን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቅ?» ያለው ጥያቄ እንዲህ ሆኖ መልስ አገኘ።

ስለ ማዋስ

መኖሩን ማወቅ ብቻ ግን አያነብም። በ1916 በሎንዶን ከተማ «የተማሪዎች ማእከላዊ ቤተ መጻሕፍት» የሚባል ተቋቋመ። ያቋቋሙት ሰው አልበርት ማንስብሪጅ ይባላሉ፤ ቀደም ብለው ለሠራተኞች ትምህርት ማኅበር መሥርተው የነበሩ ናቸው። ዐሳባቸውም ቀን በሥራ ሲደክም ውሎ ማታ ለሚማር ሰው፤ መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘብ ለሌለው፤ ታላቅ ቤተ መጻሕፍትም በሌለበት ስፍራ ለሚኖር፤ የሚያስፈልገውን መጽሐፍ በፖስታ ቤት ማድረስ ነበር። ሥራው እየሰፋ ሄዶ የአገሩ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚዋዋሱበት ማእከል ሆነ፤ በ1973ም ከብሪቲሽ ላይብረሪ ጋራ ተዋሐደ።

በዚህ ውሰት ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ሥርዐት አለ። አንባቢው ሩቅ ላለው ቤተ መጻሕፍት ራሱ አይጽፍም፤ የሚያውቀውን የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቃል እንጂ። የሰፈሩም ቤተ መጻሕፍት በስሙ ጠይቆ ያስመጣለታል፤ መጽሐፉ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ተጠያቂ የሚሆነው እርሱ ነው። በአማርኛችን «ውሰት» እና «ዋስ» የሚሉት ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በዚህም ሥራ ውስጥ ሁለቱ አይለያዩም። ዋስ ያለው ውሰት አያስፈራም፤ የማያስፈራም ከሆነ ባለ መጽሐፉ እጁን አያጥፍም። በየቤታችን መጽሐፍ ማዋስ የተጠላው፤ የሚዋሰው ሰው ስለ በዛ ሳይሆን፤ ጽፎ የሚወስድና በቀኑ የሚመልስ ሰው ስላነሰ ነው።

ለዐይነ ስውራንም በዚህ ረገድ ትልቅ በር ተከፍቷል። በብሬይል ወይም በድምፅ የተዘጋጀ መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ቀድሞም አንዱ አገር ያዘጋጀውን ለሌላው አገር ለመላክ የደራሲነት መብት ሕግ ያግድ ነበር። በ1ኛው አገር ብዙ ድካም የፈጀ መጽሐፍ በ2ኛው አገር እንደ ገና ከመዠመሪያው ይሠራ ነበር ማለት ነው። በሰኔ ወር 2013 በማራካሽ ከተማ የተፈረመው ውል ይህን እገዳ አነሣ፤ በመስከረም 2016ም ጸና። ኢትዮጵያም በ2020 የዚህ ውል ተካፋይ ሆናለች። ስለዚህ በቤቱ የማያይ ልጅ ወይም በእርጅና ዐይናቸው የደከመ ወላጅ ያሉት ሰው፤ ለነዚህ የሚሆን መጽሐፍ እንዲመጣላቸው ቤተ መጻሕፍቱን ደፍሮ ይጠይቅ።

ስለ መገልበጥ፤ ስለ ብራና መጻሕፍታችንም

ሦስተኛው ዘዴ እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚነካን ነው። ለሌላው አገር አሮጌ መጽሐፍ ማለት የታተመ መጽሐፍ ሲሆን፤ ለኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ የጻፈው ነው። የታተመ መጽሐፍ አንዱ ቢጠፋ ወንድሞች አሉት፤ የብራና መጽሐፍ ግን እያንዳንዱ ለብቻው የተወለደ ነው። በኅዳጉ የተጻፈው የጕልት፤ የስጦታና የታሪክ ማስታወሻ በሌላው ቅጂ አይገኝም። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ በመጽሐፉ መጨረሻ የሰረቀውንና የፋቀውን ይረግሙ ነበር። ይሁን እንጂ እሳትና ምስጥ ውግዘት አይፈሩም፤ ጦርም አይፈራም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በ1868 የደረሰባቸውን ሁሉም ያውቃል። ከነዚያ ውስጥ 350 ያህሉ ሎንዶን ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በኛም ዘመን በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተነሣው ጦርነት ከገዳማትና ከአብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ተዘርፈዋል፤ ጠፍተዋልም።

የጥፋትን ፍርሃት ወደ ሥራ የለወጡት መነኮሳት ናቸው። በአሜሪካ በሚኒሶታ አገር ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም፤ ሌላ የዓለም ጦርነት ቢነሣ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት እንዳይጠፉ በማሰብ፤ በ1965 በአውስትሪያ አገር የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ዠመረ። በ1973ም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፤ ይህ ገዳምና ቫንደርቢልት የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተስማምተው፤ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በፊልም የማንሣቱ ሥራ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ በምልዓት የተገኙት በግእዝ ብቻ ስለ ሆነ፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ለዚህ ሥራ ያላቸው ጉጉት አያስደንቅም።

የስምምነቱ ደግነት በዚህ ነው። መጽሐፉ ፎቶግራፍ ይነሣል እንጂ አይወሰድም፤ ተነሥቶ ሲያበቃ ወደ ባለቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ወደ ገዳሙ ይመለሳል። ፊልሙ ግን አንዱ በአዲስ አበባ፤ ሌላው በኮሌጅቪል ይቀመጣል። ሥራው በተዠመረ በዓመቱ የመንግሥት ለውጥ ቢመጣም አልተቋረጠም፤ ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍትም ተነሡ። ከነዚህም አንዱ በ1832 ቍጥር የተመዘገበው፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው፤ ይኸውም በ1280 ገደማ የተጻፈ ነው። ዛሬ ይህን ወንጌል ለማየት የሚሻ ተማሪ ሐይቅ ድረስ ሄዶ ገጾቹን በእጁ ሳያሻሽ ይመረምረዋል፤ ወንጌሉም ከገዳሙ ንብረትነት አልወጣም።

ፊልም ግን ዝርዝር ከሌለው እንደኛ ቤት ሣጥን ነው። ይህን ዝርዝር በማዘጋጀት ከሁሉ ይልቅ የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እኒህ ሊቅ በ1975 በጥይት ተመትተው ዕድሜያቸውን ሁሉ ከተሽከርካሪ ወንበር ያልወጡ ሲሆኑ፤ በ1976 ኮሌጅቪል ገብተው ከአገር በራቁበት ስፍራ የአገራቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ፤ ምን እንደ ያዙ፤ ማን እንዳስጻፋቸው፤ በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ተጻፉ መዘገቡ። ዝርዝሩ ከ1975 እስከ 1993 በ10 ጥራዝ ታተመ፤ ከነዚህም የመዠመሪያዎቹን ያዘጋጀው ዊልያም ማኮምበር ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1988 ለታላላቅ ሊቃውንት የሚሰጠውን የማካርተር ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2021ም ዐረፉ። ከ2015 ዠምሮ ያ ቤተ መጻሕፍት የምስሎቹን ማንበቢያ በኢንተርኔት ስለ ከፈተ፤ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች፤ «ግልባጩን ካገኙ ዋናውን የሚመልስልን ማን ነው?» ይላሉ። ቅሬታቸው እውነት አለው። የመቅደላ መጻሕፍት ሥዕል በኢንተርኔት መታየቱ መጻሕፍቱ ለባለቤታቸው መመለሳቸውን አይተካም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ገና በእጃችን ያለው መጽሐፍ ሳይገለበጥ ቢቃጠል፤ የሚመለስም የሚጠየቅም ነገር አይቀርም። ደግሞም ግልባጭ በአንድ ስፍራ ብቻ ቢሆን አይታመንም። በጥቅምት ወር 2023 በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ የኮምፒዩተር ወንበዴዎች አደጋ ጥለውበት፤ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች ለረዥም ጊዜ ተዘግተው ኖረዋል። በሁለትና በሦስት ቤት የተቀመጠ ግን አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይገኛል።

ከኛ ምን ይጠበቃል

በአገራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፤ ሁላችን «ወመዘክር» የምንለው፤ በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል። አታሚዎችም ከሚያትሙት ሁሉ ለርሱ እንዲያስረክቡ በሕግ ታዟል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከነቤተ መጻሕፍቱ ተመሥርቷል። በታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ትልልቆቹ ቤቶች በዋና ከተማ መሆናቸው ግን በወረዳ የሚኖረውን ልጅ ብቻውን አያጠግበውም። የወረዳው ትምህርት ቤት ትንሽ መደርደሪያ ከታላቁ ቤት ጋራ በዝርዝርና በውሰት ሲያያዝ ነው ትልቅ የሚሆነው። በሹመት ላይ ያላችሁ ክቡራን፤ በመሥሪያ ቤታችሁ ቍልፍ የበዛበት የመጻሕፍት ክፍል ቢኖር፤ ዝርዝሩ እንዲጻፍና ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት እንዲታወቅ ማዘዝ ገንዘብ የማያስወጣ በጎ ሥራ ነው።

ለየቤተ ሰቡም የሚሆን ምክር ይህ ነው። መጻሕፍታችሁን በስም ጻፉ፤ ዝርዝሩንም በሁለት ቤት አኑሩ። የብራና መጽሐፍ ያላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፤ ከጢስና ከእርጥበት አርቃችሁ በማኅደሩ አስቀምጡት። ለሻጭና ለመንገደኛ አትስጡ፤ ጥንታዊ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ነገር ግን የታወቀ ቤተ መጻሕፍት በፎቶግራፍ ሊያነሣው ቢለምናችሁ፤ በፊታችሁ ተነሥቶ ዋናው በእጃችሁ እንዲቀር ተስማምታችሁ ፍቀዱ። የቤተ ሰብ ደብተርም ቢሆን፤ ንቁ አትበሉት፤ አስገልብጡት።

የኔ ጥፋት ግን አልተመለሰም። የእኅቴ ልጅ ዛሬ አድጎ፤ አሮጊቶቹን አክስቶቻችንን እየዞረ ጠይቆ፤ ከአያቱ ደብተር ውስጥ የሚያስታውሱትን ነገር ጻፈ። ስድስት ገጽ ያህል ሆነ። አባታችን የጻፉት ግን ደብተር ሙሉ ነበር። ያንን ስድስት ገጽ አምስት ጊዜ ገልብጦ ለየቤታችን ሰጠን፤ ለኔም ሲሰጠኝ፤ «ጋሼ፤ ይህን ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡልኝ፤» አለኝ። እኔም በመደርደሪያው ራስ ላይ አኖርሁት።